ኦክቶፐስ በገበታ ጨው አይኖርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን እዚህ ሳን ዲየጎ ሆኜ በኢንተርኔት ሳነብ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እስከ ዛሬ አንድም ደብዳቤ ጽፌላችሁ አላውቅም፤ ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሞልቷል፣ ስለ ኳስም እንዲሁ። ስለ ኦክቶፐስ ግን ከእኔ ሌላ የሚጽፍላችሁ ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው እትማችሁ የመዝናኛ ገጽ ላይ ስለ እንግዳ የቤት እንስሳት ያወጣችሁትን አነበብኩት። እባቡንና ኤሊውን ለሚያውቃቸው ትቻለሁ። ስለ ኦክቶፐስ በጻፋችኋት አጭር አንቀጽ ውስጥ ግን ሦስት ስህተት ቆጥሬያለሁ። ዓሣ ብላችሁታል። ንጹህ ውሃና ጨው ካገኘ በየትኛውም ሳሎን እንደሚኖር ጽፋችኋል። ለረጅም ዓመታትም ወዳጅ ይሆናል ብላችኋል። ስህተት ከሰው አይጠፋምና ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ በወጣ በማግሥቱ አዲስ አበባ ውስጥ ካፌ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ይህ ነገር ነበር አይደል? ስንት ኪሎ ጨው ነው የሚፈልገው?»

በካፌው መሐል የመስታወት ገንዳ አቁሞ ደንበኛ ሊስብበት አስቧል። ጨዉን ከመርካቶ በኩንታል እንደሚያገኝም ነገረኝ። ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

አዎ፣ በቤቴ ነበረች። እንዴት እንደመጣች ልንገራችሁ። እኔ የባሕር ኃይል ሰው ነኝ። ወጣትነቴን የጨረስኩት ምጽዋ ላይ፣ «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ኦክቶፐስ ያየሁትም እዚያው ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ በኮራሉ መካከል በቀረ ኩሬ ውስጥ፣ ድንጋይ መስሎኝ እግሬን ላሳርፍበት ስል ድንጋዩ ቀለሙን ለውጦ ሄደ። ጓደኞቼ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ። ስንት ዘመን አልፎ፣ እዚህ አገር፣ ኮሌጅ ገብታ ስለ ባሕር እንስሳት ትማር የነበረችው ልጄ አንድ ምሽት ራት ላይ «ኦክቶፐስ ማሳደግ እፈልጋለሁ» አለች። እናቷ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ጥያቄዋ የኦሪት ነበር፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጡር ርኩስ አይደለም ወይ? እንዴት ቤቴ ይገባል? ልጄም መልስ አላጣችም። «እማዬ፣ አትብሉት ነው የሚለው እንጂ አትዩት አይልም።» በዚህ ተሸነፈች፤ ማለቴ ባለቤቴ።

አሁን ወደ ጨዉ ልምጣ። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው አለ። የእኛ ገንዳ 280 ሊትር ይይዝ ስለነበር ወደ 10 ኪሎ ግራም ጨው በልቷል። ይህ ግን ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አይደለም። በባሕር ውሃ ውስጥ ማግኒዥየም አለ፣ ካልሲየም አለ፣ ፖታሲየም አለ፤ ሁሉም በመጠን በመጠኑ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይሸጣል፤ የሚሟሟውም ክሎሪን በሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። ውሃው በተነነ ቁጥር ጨዉ ወደ ኋላ ስለሚቀር በየቀኑ ጨዋማነቱን እየለኩ ንጹህ ውሃ መጨመር ያስፈልጋል። እኔ የመርከብ ማሞቂያ ውሃ ስለካ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ሥራ አልከበደኝም። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

ውሃው ተሞልቶ፣ ፓምፑ ተነሥቶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ እንስሳው ግን ሁለት ወር አልገባም። ምክንያቱን ከእኛ መካከል በመጀመሪያ የገባው ለባለቤቴ ነው። የእንስሳ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ይገድላል። በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል፤ እሱም ይገድላል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ያንን ናይትሬት ወደሚባል ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። እነዚህ ሁሉ እስኪበዙ መጠበቅ ግድ ነው። ልጄ ይህንን በወረቀት እየሳለች ስታስረዳ ባለቤቴ አቋረጠቻት። «እርሾ እየጣላችሁ ነው በይኛ!» አለች። ከዚያ በኋላ እኛም ያንን ነገር እርሾ አልነው።

እርሾው ሊደርስ ሲል አጥፊው እኔ ሆንኩ። ከማጣሪያው ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውሃ መቆጣጠሪያ ያስፈልገው ነበር። የተገዛው ፕላስቲክ ነው፤ ለእኔ መጫወቻ መሰለኝ። ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ያስቀመጥኩት ጥሩ የነሐስ ቫልቭ ነበረኝ፤ አጥብቄ ገጠምኩት፤ በሥራዬም ረካሁ። በሦስተኛው ቀን ልጄ መጥታ አየችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

«አባዬ፣ ነሐስ ውስጥ ምን አለ?»

«መዳብና ዚንክ ነዋ!» አልኳት፤ መካኒክ ነኝ፣ ይህ አይጠፋኝም።

«መዳብ ምን ያደርጋል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በመርከብ ላይ የባሕር ውሃ የሚያልፍበትን ቧንቧ ከመዳብ ቅይጥ የምንሠራው ዛጎልና ሌላው የባሕር ነፍሳት እንዳይለጠፍበት፣ ማለትም እንዲገድልልን ነው። ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ነገር በቤቴ ረሳሁት። 280 ሊትር ውሃ ተደፋ፤ ድንጋዩ ተጣለ፤ እርሾው እንደ አዲስ ተጀመረ። የሚያስቀው ደግሞ፣ የኦክቶፐስ ደም ሰማያዊ የሚሆነው በውስጡ መዳብ ስላለ ነው፤ የእኛ ደም በብረት ቀይ እንደሚሆን ማለት ነው። በደሟ ተሸክማው የምትዞረው ነገር በውሃዋ ውስጥ ሲገባ ይገድላታል።

በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. መጣች። ልጄ በውሃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ታቅፋ ገባች፤ ውስጡ ቡጢ የምታህል ቡናማ ነገር ተኮራምታለች። እዚሁ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ የሚኖረው ዓይነት ናት፤ ከዓይኖቿ በታች ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሰማያዊ ክብ አላት፣ ሌላ ዓይን የሚመስል። ባለቤቴ አጎንብሳ አየቻትና «ጉድ!» አለች። ስሟ «ጉዴ» ሆኖ ቀረ። የተገዛችው በ60 ዶላር ነው። ገንዳው፣ ማጣሪያው፣ የውሃ ማቀዝቀዣው፣ ጨዉና የተበላሸው ጨው ሲደመር ግን ከ1,500 ዶላር በላይ አውጥተናል፤ መብራቱን ሳልቆጥር። ሻጩ ዕድሜዋን አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

ዓሣ አይደለችም፤ ወገኗ ከቀንድ አውጣ ነው። ሦስት ልብ አላት፤ ሁለቱ ደሙን ወደ ስንጥቧ፣ አንዱ ወደ ሰውነቷ ይገፋሉ። ስትዋኝ ሦስተኛው ልብ ስለሚቆም በክንዶቿ መዳህን ትመርጣለች። ወደ 500 ሚሊዮን ከሚጠጋው የነርቭ ሕዋሷ ሁለት ሦስተኛው ያለው በክንዶቿ ውስጥ ነው። ጉሮሮዋ በአንጎሏ መካከል ያልፋል፤ ስለዚህ ትልቅ ጉርሻ አይሆናትም። የምትበላው ሸርጣን፣ ሽሪምፕና ዛጎል ነው፤ በሕይወት ያለውን ስትወድ ለጉድ ነው። ሸርጣኑን ሳስገባ መጀመሪያ ቀለሟ ይጠቁራል። ከዚያ ክንዶቿን እንደ ጃንጥላ ዘርግታ ከላይ ትወርድበታለች። ጃንጥላው ይዘጋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጉድጓዷ ደጃፍ ባዶ ቅርፊት ታስቀምጣለች፤ ሳህን እንደመለሰ ሰው።

ከመጣች ሁለተኛ ሳምንት ላይ ጠፋች። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ጠንካራ ነገር እንደ በቀቀን አፍ ያለው መንቆሯ ብቻ ነው፤ መንቆሯ ካለፈ ሁሉም ያልፋል። እኔ ደግሞ ክዳኑ ላይ ለቧንቧው ማለፊያ ቀዳዳ ትቼ ነበር። ባለቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለጸሎት ስትነሣ ወለሉ ላይ እርጥብ መስመር አየች። ተከተለችው። መስመሩ አራት ሜትር ያህል ሄዶ ወጥ ቤት ገባ፤ ጉዴ የምጣዱ ካርቶን ሥር ነበረች፣ የምንጣፍ ብናኝ ለብሳ፣ ግራጫ ሆና። እኔ ስደርስ፣ ያቺ ርኩስ ነው ያለችው ሴት የቤት ነጠላዋን በገንዳው ውሃ ነክራ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ይዛታለች። «ክዳን አታውቅም? ድስት እንኳ ክዳን አለው!» ብላ ጮኸችብኝ። በማግሥቱ ማጠፊያና አራት መቀርቀሪያ ያለው ክዳን ሠራሁ፤ ቀዳዳውንም በስፖንጅ ደፈንኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዚላንድ ውስጥ ኔፒየር ከተማ ካለው ብሔራዊ አኳሪየም ኢንኪ የተባለ ኦክቶፐስ በክዳኑ ክፍተት ወጥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ በውሃ ማፍሰሻ ቧንቧ ባሕር ሲገባ ዓለም ሁሉ ተገርሞ ነበር። እኛ ቤት ማንም አልተገረመም።

ሰው ታውቃለች። ይህንን ስል እንደ አድናቂ እንዳትቆጥሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ በሲያትል አኳሪየም ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሰው፣ አንዱ እየመገበ ሌላው በሻካራ ዱላ እየነካ፣ ስምንት ትላልቅ ኦክቶፐሶች በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰዎቹን ለይተዋል። በእኛ ቤት የሚመግበው እኔ ነበርኩ፤ ወደ መስታወቱ ስጠጋ ወጥታ አንድ ክንዷን ታሳርፋለች። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ በመጣ ቁጥር መስታወቱን በቀለበቱ ያንኳኳል። ተው ብንለው አይሰማም። የቡሄ ዕለት ነጭ የአገር ልብስ ለብሶ መጣ። ልመግባት ክዳኑን ከፍቼ ስለነበር እሷ ከውሃው ጥግ ውሃ የምትተፋበትን ቱቦዋን ብቅ አድርጋ አነጣጠረች፤ ከአገጩ እስከ እምብርቱ በጨው ውሃ አጠበችው። አጠገቡ ቆሜ በነበርኩት በእኔ ላይ አንድ ጠብታ አልወደቀም።

ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን የእህቴ ልጅ እንዲያነብልኝ የምፈልገው የሚቀጥለውን ነው። ሰው የሚለይ ፍጡር መስታወትንም ይለያል። ልጄ ሸርጣኑን በማሰሮ ውስጥ አድርጋ ክዳኑን ታጠብቃለች፤ ጉዴ መጀመሪያ ሰዓት ፈጀባት፣ ሁለተኛው ቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንቱ እኔ የቡና ዕቃ የምከፍተውን ያህል ፈጠነች። ከዚያ በኋላ ማሰሮውን ነክታ መተው ጀመረች። ልጄ አዲስ ነገር ፈለገች፤ ቱቦ፣ ኳስ፣ የልጆች መገጣጠሚያ። እያንዳንዱ ለአራት ለአምስት ቀን ያገለግላል። ሲሰለቻት ከገንዳው ጥግ ጥግ እየዳሰሰች ትዞራለች፤ ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመምጠጫዎቿ እየቀመሰች። የሞተር ክፍል ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር ስፈልግ እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ምን እንደምትፈልግ ስለማውቅ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ወደ ሌላ ክፍል ሄጃለሁ።

ጳጉሜን 3 ቀን 2003 ዓ.ም. (በዚህ አገር አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 2011) ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ በሳን ዲየጎ ሁሉ መብራት ጠፋ። እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ሙቀቱ የሚያቃጥል ነበር፣ የመንገድ መብራት የለም፣ ልጄ መኪና ውስጥ ሰዓታት ቆመች። ፓምፑ ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ አልወደውም፤ በመርከብ ላይ ሞተር በራሱ ሲቆም እንደሚሰማው ነው። ማቀዝቀዣውም ቆሟል፣ ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ባለቤቴ ከፍሪጅ የበረዶ ጠርሙሶች እያወጣች ገንዳው ውስጥ አሰጠመች። እኔ በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስኩ፤ አየር ይዞ እንዲገባ። እስከ እኩለ ሌሊት እንዲሁ። ቀኑ ሩፋኤል ነው። ልጆች ሳለን በዚያ ቀን ዝናብ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን እንታጠብ ነበር። ባለቤቴ በሻማ ብርሃን አየችኝና «ዘንድሮ የምታጠምቃት አንተ ሆንክ» አለች። ጉዴ ገርጥታ ከላይ መጥታ ነበር። አንድ ክንዷን አውጥታ በጆጉ እጀታ፣ ቀጥሎም በእጄ አንጓ ላይ ጠቀለለች። አልጎተተችም። ጆጉን በሌላው እጄ ይዤ ቀጠልኩ። መብራቱ ሌሊቱን መጣ፤ ተረፈች።

በኅዳር ድንጋዮቿን ሰብስባ የጉድጓዷን ደጃፍ ዘጋች። በባትሪ ሳይ ጣራው ላይ ከሩዝ ፍሬ ተለቅ ያሉ ነጫጭ እንቁላሎች ተንጠልጥለዋል። ወንድ አብሯት ስላልነበረ ፍሬ የላቸውም፤ እሷ ግን ይህንን አታውቅም። ሌት ተቀን በክንዶቿ ትዳስሳቸዋለች፣ በቱቦዋ ውሃ ትነፋባቸዋለች። ሸርጣን ባቀርብላት መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ምንም። ለገና ሽሪምፕ በእጄ አቀረብኩላት፤ በአንድ ክንዷ ቀስ ብላ ገፋችው። ልጄ እያለቀሰች አስረዳችኝ፤ የዚህ ዓይነት ሴት ኦክቶፐስ አንድ ጊዜ ብቻ ትወልዳለች፣ እንቁላሏን ስትጠብቅ ምግብ ታቆማለች፣ ከዚያ ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀሮም ወዲንስኪ የተባለ ተመራማሪ ከዓይኗ ጀርባ ያለውን እጢ ሲያወጣ እናቲቱ እንቁላሎቿን ትታ መብላት እንደጀመረች አሳይቷል፤ ሞቷ የታዘዘው ከዚያ እጢ ነው። ከጾሙም በፊት ቢሆን ይህ ዓይነት ኦክቶፐስ ዕድሜው አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። የገዛናት ግማሽ ዕድሜዋን ጨርሳ ሳይሆን አይቀርም።

ሁዳዴ በገባ በአራተኛው ቀን ከጉድጓዷ ወጥታ አሸዋው ላይ ተገኘች፤ ነጭ ሆና፣ ክንዶቿ ጫፋቸው ተበልቶ። ባለቤቴ «ከሁላችንም ቀድማ ጾመች» አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። የቆየችው አሥር ወር ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህንን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። የጠየቅኩት መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ነው። «ጄኔሬተር አለኝ» አለ። በሕይወት ያለ ሸርጣን በየሁለት ቀኑ ከየት ታመጣለህ አልኩት፤ የቅርቡ ወደብ ጅቡቲ ነው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ዝም አለ። መስታወት የሚያንኳኳ ደንበኛስ ስንት አለህ አልኩት። ሳቀ፤ የባለቤቴን ወንድም ያውቀዋል። እዚህ የምኖርበት ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ኦክቶፐስን ለምግብ ማርባት በሕግ ከልክላለች፤ ዋሽንግተን ግዛት በዚያው ዓመት ቀድማታለች፤ ብሪታንያ ደግሞ በ2022 ሕጓ ስሜት ካላቸው እንስሳት ተርታ አስገብታዋለች። በቤት ማኖርን የካሊፎርኒያው ሕግ አልነካውም፤ እኔ ቢጠይቁኝ ሻጩ ቢያንስ የእንስሳውን ዕድሜ ገምቶ እንዲናገር አስገድድ ነበር። በካፌው መሐል መስታወት ካማረው ቆሮሶ ያኑር አልኩት፤ የአገሩ ዓሣ ነው፣ ጨው አይፈልግም፣ ሲያድግም ይጠበሳል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ማረሚያ እንድታወጡ ነው፤ ትንሽም ብትሆን፣ በዚያው ገጽ ላይ። ዓሣ አለመሆኑን፣ የገበታ ጨው እንደማይሆነው፣ ዕድሜውም በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት መሆኑን ጻፉ። ጨዉን በኩንታል የሚጠይቅ ሌላ ካፌ ሊኖር ይችላል።

ገንዳው አሁንም ጋራዥ ውስጥ አለ። ባለቤቴ ከአገር የመጣ ጤፍ ታስቀምጥበታለች። ጤፍ አያመልጥም ብላት አትሰማም፤ በከፈተችው ቁጥር አራቱንም መቀርቀሪያ መልሳ ትዘጋለች።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ባልደረባ
ሳን ዲየጎ፣ ካሊፎርኒያ